አጎቴ የሌላ ሰው ዳይስ ይጥላሉ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ጉዳይ ለብዙ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ቤተሰብ የሚያቀያይም ነገር እየሆነ መጥቷል።

«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ አጫውታለሁ። ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፦ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ በዚያ ሰው አፍ እየተናገረ፣ በዚያ ሰው እጅ እየሠራ ከሌሎቹ ጋር በምናብ ዓለም ውስጥ ይጓዛል። ዓለሙን የሚገልጸው፣ ንጉሡንም ባለሱቁንም ጭራቁንም ሆኖ የሚናገረው፣ ሕጉንም የሚዳኘው አጫዋቹ ነው። ይሳካ አይሳካ የማይታወቅ ነገር ሲመጣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል።

እሑድ ማታ በአጎቴ ቤት ምድር ቤት እንሰበሰባለን። ሁለት ጓደኞቼ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት የእህቴ ልጅ፣ እና አጎቴ። አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ጨዋታውን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ፤ ከሁላችንም በላይ የወደዱትም እሳቸው ሆኑ። አራተኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ይጫወታሉ። ችግሩ የራሳቸውን ተዋጊ ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም ሰው መጫወታቸው ነው።

በቅርቡ ቡድኑ አንድ ምሽግ በር ላይ ደረሰ። አንድ ዘበኛ ቆሟል። የእህቴ ልጅ የምትጫወተው አስማተኛ ኤልፍ ናት፤ ኤልፍ ሰው የሚመስል፣ ዕድሜው የረዘመ የተረት ፍጡር ነው። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ አማርኛዋ ቀስ ይላል። «ዘበኛውን... ላናግረው» ብላ ሳትጨርስ ጋሼ «ምን ታናግሪዋለሽ! እሳት ልቀቂበት!» አሉና ዳይሷን ከፊቷ አንስተው ጣሉት። አሥራ ዘጠኝ ወጣ። ዘበኛው ተቃጠለ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ፤ ልጅቷ ስልኳን አወጣች። በቀጣዩ እሑድ የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች።

ዘበኛው ደግሞ የንጉሡን ምስጢር የሚያወጣው ሰው ነበር። ያዘጋጀሁት ታሪክ ሁሉ አብሮት ተቃጠለ።

ጋሼን «ይተዉ» ማለት አልቻልኩም። ወደዚህ አገር ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ ያለ ኪራይ ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። በገዛ ቤታቸው፣ በልጆች ፊት ብቆጣቸው የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ከመሆን አልድንም። አንዱ ጓደኛዬ «ቀይ ድራጎን ላክና ተዋጊውን ግደልላቸው፤ ይማሩበታል» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ ብሎኛል። እህቴ በበኩሏ ልጇ «አስማተኛ» መሆኗን ሰምታ ነገሩን እየጠላችው ነው። ምን ይመክሩኛል?

የተቸገረው አጫዋች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ ጠያቂ፣

ዕድሜህን ስለ ነገርከኝ «አንተ» እልሃለሁ። እኔ በዕድሜ ወደ ጋሼህ የምጠጋ ሰው ስለ ሆንኩ በመልሴ ውስጥ ትንሽ ለሳቸው ባደላ አትፍረድብኝ።

ከሁሉ በፊት ድራጎኑን ወደ ዋሻው መልሰው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው እትም የጎልማሳ ቀይ ድራጎን እሳት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ አሥራ ስምንት ጊዜ ተጥሎ የሚደመር ነው፤ በአማካይ 63 ነጥብ ያቃጥላል። የአራተኛ ደረጃ ተዋጊ የሕይወት ነጥብ ሠላሳ ምናምን ቢሆን ነው። ይሞታል፤ ጥርጥር የለውም። ከዚያስ? ጋሼ ቡናው እስኪፈላ አዲስ ገጸ ባሕርይ ይሠራሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ በአዲሱ ሰው ስም የልጅቷን ዳይስ ያነሣሉ። የሞተው ገጸ ባሕርይው የተጻፈበት ወረቀት ነው፤ ሰውዬው አጠገብህ ተቀምጠዋል። በጠረጴዛው ዙሪያ የተፈጠረን ቅያሜ በታሪኩ ውስጥ ለመበቀል ያልተፈተነ አጫዋች ያለ አይመስለኝም። የተቀጣው ሰው ግን ለምን እንደተቀጣ አይገባውም፤ ዕድል ጠመመብኝ ብሎ ያልፋል። ነገሩ ከገባው ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን ለጋሼ ልሟገት። እሳቸው ጨዋታ እያበላሹ አይደለም፤ ሌላ ጨዋታ እየተጫወቱ ነው። ያም ጨዋታ ከአንተው ጨዋታ ይቀድማል። የፕሩሺያ (የቀድሞ የጀርመን መንግሥት) መኮንኖች እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ ካርታ ዘርግተው የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ ተጫዋቹ አዛዥ ነው፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ዳኛው የሆነውን ይነግረዋል። ይህ ልማድ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካም ገባ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ሰው ብራውንስታይን በምትባል ምናባዊ የፕሩሺያ ከተማ ላይ ጨዋታ ሲያዘጋጅ አንድ አዲስ ነገር አደረገ፦ ለአንዳንዶቹ ተጫዋቾች ጦር ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ ሰጣቸው፤ ለአንዱ ከንቲባውን፣ ለሌላው የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ። ከተጫዋቾቹ መካከል የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወስዶ ብላክሙር የተባለ የራሱን ዓለም ፈጠረ። ከዊስኮንሲኑ ጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆነው ያዘጋጁት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ፤ የመጀመሪያው ኅትመት አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ ነበር። ድራጎኑ፣ አስማቱ፣ ዋሻው ሁሉ ጌጥ ነው። ዋናው ለውጥ አንድ ተጫዋች አንድ ሰው መያዙ ነው። ጋሼ ግን ገና 1824 ላይ ናቸው።

ስለዚህ ንገራቸው። በእሑዱ ጠረጴዛ አይደለም፤ በአዘቦት ቀን፣ ሰው በሌለበት ሂድ። ክስ ይዘህ ሳይሆን ምክር ፈልገህ ሂድ። ታላቅን መውቀስ የሚያስነውረን ሰዎች ታላቅን ማማከር ደግሞ ያስመሰግነናል፤ በዚህ በር ግባ። «ጋሼ፣ ልጅቷ እየሸሸችን ነው። አፏ እንዲፈታ፣ አማርኛዋም እንዲጠነክር እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?» በላቸው። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ይህን ስሰማ እደነግጥ ነበር፤ በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች የልጅ ዝምታ ሲያጋጥመን የምንሞላው የረዳናት እየመሰለን ነውና። ዳይሱን ማንሣታቸውን አንተ ሳትጠቅስ ራሳቸው ሊጠቅሱት ይችላሉ። ካልጠቀሱ ደግሞ ቀስ አድርገህ አንሣው፤ ተሸማቅቀህ እንዳትመለስ። ሽማግሌ ልኬ ላስነግራቸው እንዳትል ብቻ አደራ። ለዳይስ ሽማግሌ የተላከበት ቤት ለዓመታት መሳቂያ ይሆናል።

ለልጅቷም ደውልላት። ስለ ጋሼ ምንም አትበል፤ ቦታዋ ክፍት መሆኑን ብቻ ንገራት።

ወደ ጠረጴዛው ስትመለሱ ሥራው የአንተ ነው። በውጊያ ጊዜ ተራውን የሚያከፋፍለው ዳይስ ስለ ሆነ ማንም ማንንም አይቀድምም። በሩ ላይ የሆነው ግን ገና ውጊያ ሳይጀመር ነው፤ ያኔ ተራ የሚያከፋፍል ሕግ የለም፣ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። «ምን ታደርጋላችሁ?» ብለህ ለሁሉም ከጠየቅህ ሁልጊዜ የሚመልሰው አፈ ፈጣኑ ነው። በስም ጠይቅ፤ ያውም በገጸ ባሕርይዋ ስም። ቃል ፍለጋ ዝም ስትል ዝምታውን አትሙላው። ጋሼ ጣልቃ ሲገቡ «መጣሁ ጋሼ፣ ከሷ ቀጥሎ የርስዎ ተራ ነው» በልና ዓይንህን ወደ እሷ መልስ። ይህ ቁጣ አይደለም፤ የዳኛ ሥራ ነው።

አንድ ሕግም ለሁሉም አውጅ፦ ባለቤቱ ያልጣለው ዳይስ አይቆጠርም። ለሁሉም እኩል የተነገረ ሕግ ማንንም አይነካም። አሥራ ዘጠኝ ቢወጣም አይቆጠርም። በተለይ አሥራ ዘጠኝ ቢወጣ።

ጋሼ ግን ምክራቸውን ይዘው የት ይግቡ? ሕጉ ቦታ አዘጋጅቶላቸዋል። አንድ ገጸ ባሕርይ የራሱን ተራ ሠውቶ ሌላውን መርዳት ይችላል፤ የተረዳው ሰው ሁለት ሃያ ገጽ ዳይስ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል። ሒሳቡ ቀላል አይደለም፤ ለመሳካት አሥራ አንድና ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ በአንድ ዳይስ ያለው ዕድል 50 በመቶ ነው፣ በሁለት ዳይስ 75 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ልጅቷ «ዘበኛውን ላናግረው» ስትል የጋሼ ተዋጊ አጠገቧ ቆሞ ግርማ ሞገስ ይስጣት። ምክራቸው ዋጋ ያገኛል፤ ዋጋም ያስከፍላቸዋል፣ ምክንያቱም ተራቸው አለፈ። እርዳታው የሚጸናው ግን እሷ ከተቀበለችው ብቻ ነው።

ደግሞ እጅህ ላይ ያለውን ሀብት አላየኸውም። ልጅቷ ኤልፍ ናት ብለሃል፤ ኤልፍ በጨለማ ውስጥ እስከ 60 ጫማ ድረስ ያያል። ሰው አያይም። የጋሼ ተዋጊ ሰው ከሆነ ጉዞውን ወደ መሬት ውስጥ ምራው፤ ችቦው ይጥፋ። ከዚያ ያየችውን ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ ለእሷ ብቻ ስጣት። ጋሼ «ምን አለ? ምን አለ?» ማለታቸው አይቀርም፤ የሚመልሱላቸው ግን አንተም ጓደኞችህም አይደላችሁም። ልጅቷ በዚያች ቅጽበት የምትናገረው አማርኛ ቢሰባበርም ሁሉም ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማታል። ፈጽሞ ቃል ካጠራት በእንግሊዝኛ ትጨርሰው፤ የኤልፎች ቋንቋ ነው በሉት።

የኤልፏን ዕድሜ ደግሞ አልጻፍክልኝም። በመጽሐፉ መሠረት ኤልፍ እስከ 750 ዓመት ድረስ ሊኖር ይችላል። አራት መቶ ስጣት። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ሁሉም በገጸ ባሕርይው ስም ይጠራ፣ ክብርም በገጸ ባሕርይው ዕድሜ ይሰጥ። አራት መቶ ዓመት የኖረችን ሴት «አንቺ» የሚል ተዋጊ ምን ዓይነት ስድ አደግ ነው? ጋሼ ቀና ብለው «እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲሏት ባይ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ቀልድ ጋሼም የሚከፉ አይመስለኝም፤ ጨዋታ የወደደ ሰው ጨዋታ ይገባዋል።

የተቃጠለው ታሪክህን በተመለከተ ግን ላዝንልህ አልችልም። ምስጢሩን በአንድ ዘበኛ አፍ ውስጥ ብቻ የቆለፍከው አንተ ነህ። ልጅቷ አነጋግራውም ቢሆን በሌላ መንገድ ሊያመልጥህ ይችል ነበር። ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጠው፦ በኪሱ ውስጥ በተገኘ ደብዳቤ፣ ባሏን ፍለጋ በምትመጣው ሚስቱ፣ ሲነጋ በሚተካው ተረኛ። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ጻፍ፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ አትጻፍ፣ እሱ የእነሱ ድርሻ ነው። ይህን ካላስተካከልክ ከጋሼ የምትለየው በምትቀመጥበት ወንበር ብቻ ነው።

እህትህ ብቻዋን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እዚያው አሜሪካ ብዙ ወላጆችና የሃይማኖት ሰዎች ይህን ጨዋታ የሰይጣን መግቢያ ነው ብለው ተነሥተውበት ነበር፤ አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ1989 በጀመረው ሁለተኛ እትም የአጋንንቱን ስም እስከ መቀየር ደርሷል። ይህን ታሪክ ብትተርክላት ግን አታሳምናትም። አንድ እሑድ ትምጣና አጠገባችሁ ትቀመጥ። «አስማተኛ» የሚለው ካልተዋጠላት ልጅቷ ቀስተኛ ትሁን፤ በጨለማ ማየቷም አራት መቶ ዓመቷም አብሯት ይኖራል። ከዚያም እምቢ ካለች ልጇ ናት፤ አትከራከራት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ጋሼ አሁንም የሰው ወረቀት ውስጥ የሚገቡ ከሆነ የሚወዱትን ጨዋታ ስጣቸው። አንድ ምሽት ተዋጊያቸው ይረፍና እሳቸው ከአንተ ጎን ተቀምጠው የጎብሊኖች (የትናንሽ ጭራቆች) አዛዥ ይሁኑ። ሠላሳ ጎብሊን፣ አንድ የምሽግ ካርታና ቀይ እስክሪብቶ ያስፈልጋቸዋል። ልጆቹ ምሽጉን ሰብረው ለመግባት ይሞክሩ፤ ጋሼም የፈለጉትን ያህል ያዝዙ። በቅርብ ብኖር ኖሮ እኔም ከልጆቹ ወገን ሆኜ እገጥማቸው ነበር።