ሽምግልና ይቅር ላልሽኝ ልጅ

ልጄ፣ በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። «ጋሼ፣ ሽምግልናውም ሃይማኖቱም ከፍትሕ ሥራ ጨርሰው ቢወጡ አይሻልም?» ነበር ያልሽኝ። መልሴን ለክፍል ጓደኞችሽም አንብቢላቸው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወሎ ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በወሰን ጠብ ሰው የገደለ ገበሬ ቀረበ፤ ተፈረደበት፤ ወህኒ ወረደ። የእኛ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ። የሟች ወንድሞች ግን ጠመንጃቸውን አልሰቀሉም። ገዳዩ ቢታሰር ወንድሙ አለ፣ የአጎቱ ልጅ አለ።

ደም አድራቂዎቹ፣ ማለትም ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች፣ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። የሟች ወገን ክርስቲያን፣ የገዳይ ወገን ሙስሊም ስለነበር ዋርካው ሥር ቄሱም ሼሁም ጎን ለጎን ተቀመጡ። የገዳዩ አባት ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው መጡ። «አፉ በሉኝ» አሉ። የሟች እናት ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌዎቹ አልተቆጡም፤ ሌላ ቀን ቀጠሩ። እንዲህ እየተቀጠረ ከረመ። በመጨረሻ ከሁሉም ቀድመው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያሉት እኚያው እናት ናቸው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ምን መሰለሽ? ችሎት ላይ የተባለው ሁሉ ተጽፎ መዝገብ ቤት ገብቷል። ዋርካው ሥር ምን ተብለው የእናትየው ልብ እንደራራ ግን የጻፈ የለም። የሰሙትም አልፈዋል።

በወረቀትማ ከሆነ ልማዱ ተሽሮ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 3347፣ ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ሁሉ የቀድሞውን ልማድ ሽሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በሩን መልሶ ገርበብ አደረገው፤ እሱም ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። ነፍስ ግድያ እዚያ ውስጥ የለም። ሽማግሌው ግን ዛሬም ይሄዳል።

የናንተ ዘመን ልጅ ባህል ሲባል የሚታየው ጥልፍ ቀሚስና ቲክቶክ ነው። ሃይማኖት ሲባል ደግሞ ፌስቡክ ላይ መሰዳደብ። (የሽማግሌ አፍ ነው፣ አትቀየሚኝ።)

ደግሞ ሽማግሌ ሁሉ ጻድቅ አይደለም። የተጠለፈች ልጅ «ታርቀናል» ተብሎ ለጠላፊዋ ስትዳር አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን እርቅ ሕግ ሲያፈርሰው እሰየው ነው የምለው። ግን ሁሉንም በልማድ አናላክክ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጋብቻው ከጸና ጠላፊው አይከሰስም ይል ነበር። ይህን ቀዳዳ የደፈነው የ1996ቱ ሕግ ነው።

ታዲያ ይውጡ ወይስ ይቆዩ? ከሥልጣን ይውጡ። መንግሥትና ሃይማኖትን የለየው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ደግ አንቀጽ ነው። ያ ቄስና ያ ሼህ የተደመጡት፣ የሚያስር ፖሊስም የሚቆርጡት ደመወዝም በእጃቸው ስላልነበረ ይመስለኛል።

ስትመረቂ ወረዳ ከመደቡሽ ሽማግሌዎቹን ፈልጊና አስፈቅደሽ ቅረጪ። የታረቁትን እናቶች ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ሽማግሌዎች ስንባል ራሳችንን ማሞገስ እንወዳለን።