ካርታውን፣ ምሰሶውን፣ መንገዱን

ጥያቄ፦ ጅማ ተከራይቼ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርት ቤትና ገበያ በእግር የሚደረስበት፣ ዋጋውም የማይከብድ የጭቃ ቤት አገኘሁ። ደላላው በዚህ ሳምንት ቀብድ ክፈይ ይለኛል። ምን ላጣራ?

መልስ፦ ቀብዱ ይቆይ። መጀመሪያ ካርታውን፣ ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን ይመልከቱ። ከሻጩ ጋር ወደ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ያረጋግጡ። ካርታ ከሌለው፣ ማለትም ጨረቃ ቤት ከሆነ፣ ርካሽነቱ አያታልልዎ። ግቢውን በሜትር ይለኩ፤ ኩሽናው ወሰን አልፎ ከተሠራ አብረው የሚገዙት ጠቡን ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዘገባል። የሰፈር ሽማግሌ ፊርማ ብቻውን ለሙግት ይዳርጋል።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ምስጥና እርጥበት ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ምሰሶውን በሚስማር ይውጉት፤ ሊጥ እንደወጉ ሰተት ካለ ውስጡ ተበልቷል። ከጉልበት በታች ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካዩ ይጠርጥሩ፤ የውሃ ምልክት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። አዌቱ ወንዝ ዳር ከሆነማ ነሐሴ ላይ ውሃው የት እንደሚደርስ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ። ወደ ጅሬን ዳገት ያለው ከጎርፉ ይሻላል፣ የልጆቹን ጉልበት ግን ይፈትናል።

መንገዱን ጠዋት 1፡30 ላይ ልጆቹን ይዘው ይሞክሩት። የደላላ «አምስት ደቂቃ» ብዙውን ጊዜ በባጃጅ ነው።