መልስ፦ የጊንስበርግ ፊርማ የእጅ ነው ወይስ የታተመ?

ልትገዛው ባሰብከው፣ "14/100" የሚል ቁጥር ባለበት የአሜሪካዊው ገጣሚ የአለን ጊንስበርግ ባለ አንድ ገጽ ግጥም ላይ ያለው ፊርማ የእጅ ይሁን የታተመ በፎቶ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ወረቀቱን በእጅህ ይዘህ ማየት አለብህ።

አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እየው። መስመሩ የጥቃቅን ነጠብጣብ ድርድር ከሆነ የታተመ ነው፣ አበቃ። ነጠብጣብ ባይኖርም ቶሎ አትደሰት። ቀለሙ ከግጥሙ ፊደላት ጋር አንድ ዓይነት፣ ውፍረቱም ከጫፍ ጫፍ እኩል ከሆነ ያጠራጥራል። የእጅ ፊርማ ብዕሩ ሲፈጥን ይሳሳል፣ ሲያመነታ ይወፍራል። በእርሳስ ከሆነ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታዘነብለው ያብለጨልጫል።

"14/100" የሚለውን (ከመቶ ቅጂ አሥራ አራተኛው ማለት ነው) ደግሞ ግርጌው ላይ የአታሚው ማስታወሻ ካለ ከእሱ ጋር አስተያየው፤ ስንት ቅጂ ታትሞ ስንቱ እንደተፈረመ ብዙ ጊዜ እዚያ ይጻፋል። የታተመበትን ዓመትም እይ፤ ጊንስበርግ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ሻጩ በዚያው አጋጣሚ እ.ኤ.አ. የ1967 የሳን ፍራንሲስኮ ሂፒዎችን (ከተለመደው አኗኗር ያፈነገጡ ወጣቶችን) ወረቀት ካቀረበልህ ግን ተጠንቀቅ። ኮሙኒኬሽን ካምፓኒ የሚባሉት አታሚዎች እዚያው ከተማ ሄይት አሽበሪ ሰፈር ውስጥ የገጣሚውን የሪቻርድ ብራውቲጋንን ግጥሞች ሳይቀር በማባዣ ማሽን እያባዙ በነጻ ነበር የሚያድሉት። በነጻ ለሚታደል ወረቀት ማን ቁጥር ይሰጣል? እኔ እንዲህ ያለው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ካየሁ ዋጋውን እንኳ ሳልጠይቅ ነው የማልፈው።