«ሳሙናው ማሸጊያ ላይ ሁሉንም ልጻፍ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሐዋሳ ቤቴ ውስጥ ሳሙና እየሠራሁ እሸጣለሁ። ማሸጊያው ላይ «100% ተፈጥሯዊ፣ ከሽፈራውና ከጥቁር አዝሙድ» ብዬ አሳትሜያለሁ። አንዲት ደንበኛዬ አንገቷና እጇ ላይ ሽፍ አለባት። ሐኪሟ ሳሙናው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቃት፤ እሷም እኔን። ሁሉንም ልዘርዝር? ኮስቲክ ሶዳ ብዬ ብጽፍስ ሰው አይሸሽም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይዘርዝሩ። አንድም ሳይቀር፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ለእኔ ምንም አይነግረኝም። በቅርቡ አንዲት ታካሚ ሳሙናዋን በፌስታል ይዛ መጣች። ገና ፌስታሉን ስትፈታው ክፍሉ በላቬንደር አበባ ሽታ ታወደ። ማሸጊያው ላይ ያለው ግን «የወይራ ዘይት» ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ያንን ያልተጻፈውን ነበር።

የቆዳ አለርጂ ከሚያመጡት ነገሮች ሽቶ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ከተክል መጣ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ላቬንደር ውስጥ ሊናሎል፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ ሊሞኒን የሚባሉ ሽታ የሚሰጡ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቆይና አየር ሲያገኛቸው ቆዳን ይበልጥ ያስቆጣሉ። የአውሮፓ ሕብረት እነዚህ ነገሮች ታጥቦ በሚለቅ ምርት ውስጥ ከ0.01 በመቶ ካለፉ በስማቸው እንዲጻፉ ያስገድዳል። እርስዎም «ኢሴንሻል ኦይል» (ከተክል የሚወጣ የሽታ ዘይት) ብቻ ብለው አይለፉት፤ የምኑ እንደሆነ ይጻፉ። «የአትክልት ዘይት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ለውዝ ወይም ሰሊጥ ከሆነ ለውዝ፣ ሰሊጥ ይበሉት።

ኮስቲክ ሶዳው አያስፈራዎት። መጠኑ በትክክል ከተሰላና ሳሙናው በደንብ ከበሰለ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል። «ኮስቲክ ሶዳ፣ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ሳሙና የሆነ» ብለው ቢጽፉ ሰው ይረዳዎታል። ሲሰላ ከበዛ ግን ወዲያው ያቃጥላል። አለርጂ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ በማሳከክ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የተሠራበትን ቀንም ይጻፉ፤ ችግሩ የአንድ ዙር ምርት ከሆነ በዚያ ይለያል።

ደንበኛዎ ሳሙናውን ታቁም፤ ግን አትጣለው። ከፋርማሲ በግምት ክሬም ገዝታ አትቀባ። የቆዳ ሐኪም ጀርባዋ ላይ ትንንሽ መሞከሪያ ለጥፎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አንስቶ፣ ከቀናት በኋላም ደግሞ አይቶ ጥፋተኛውን ሊለይ ይችላል። ምን ምን እንደሚሞክር ለመምረጥ ግን የእርስዎ ዝርዝር ያስፈልገዋል።

አዲስ ማሸጊያ እስኪታተም አይጠብቁ። ያ ሳሙና የተሠራበትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው፣ ፎቶ አንስተው ዛሬውኑ በቴሌግራም ይላኩላት።