ቅጠሉ ወጥቶ ስሩ የት ቀረ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ ግቢዬ ውስጥ ጽጌረዳና ቦገንቪላ እየቆረጥኩ እተክልና ችግኙን እሸጣለሁ። ቦገንቪላውን ከላይ በላስቲክ ሸፍኜው ቅጠል ያወጣል፣ በቃ ያዘ ስል ይደርቃል፣ ስነቅለው ስር የሚባል የለውም። ጎረቤቴ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ አፈሩ ላይ ጨምሪ፣ ካልሲየሙ ስር ያወጣል አለችኝ፣ ወንድሜ ደግሞ ሆርሞን ግዢ ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሰላም እህታችን። ቅጠሉ አያታልልሽ፣ ግንዱ ውስጥ ከተጠራቀመው ምግብ ነው የሚወጣው፣ ስንቁ ሲያልቅ ይደርቃል።

በዚህ ወንድምሽ ልክ ነው። ስር እንዲጀምር የሚያደርገው ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ተክሉ ራሱ ጫፉና ለጋ ቅጠሎቹ ላይ ይሰራዋል፣ ከዛ ወደታች ይወርድና ስትቆርጪው መንገዱ ስለሚዘጋ እታች ቁርጡ ጋር ይከማቻል፣ ስሩም የሚነሳው ከዛው ነው፣ ለዚህ ነው ቅጠሉን ሙልጭ አድርገሽ አትመልምዪው የምንለው። ገበያ ላይ ያለው የስር ዱቄት ብዙ ጊዜ አይቢኤ ነው፣ የኦክሲን ወገን። በመጠኑ ለጠነከረ ግንድ ከ1000 እስከ 3000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ያን ያህሉ ሆርሞን የሆነ) ይበቃል፣ ጫፉን ነክረሽ ትርፉን አራግፊ፣ ሲበዛ ቁርጡን ያጠቁረዋል። ሳይቶካይኒን የሚባል ሌላ ሆርሞን ያለበትን ግን ለዚህ እንዳትገዢ፣ እሱ ቡቃያ እንጂ ስር አይወድም።

ካልሲየም ስር አያስጀምርም፣ ግን የጀመረው ስር ያለሱ አያድግም። የአዲሶቹን ሴሎች ግድግዳ የሚያያይዘው እሱ ነው፣ ሲጎድል የስሩ ጫፍ ይሞታል። ችግሩ ካልሲየም ከውሃ ጋር ወደላይ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ቅጠል ውስጥ ከገባ ተመልሶ አይወርድም፣ ያንቺ ቁራጭ ደግሞ ስር የለው፣ በላስቲክ ታፍኖም ውሃ ብዙ አይስብ፣ ከየት ያምጣው? ስለዚህ ካልሲየሙን ለእናትየዋ ተክል ስጫት፣ ከመቁረጥሽ ሳምንታት ቀደም ብለሽ። ቅርፊቱ አሲድ በሌለው አፈር ላይ ቶሎ አይሟሟም፣ ጂፕሰም የሚባለው የካልሲየም ማዕድን ይሻላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው ሶዲየም የበዛበት ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ይሄ ለናንተ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም።

ቁራጩን ቀስ አድርገሽ ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለሽ ስር ይዟል ማለት ነው፣ ያኔ ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ክፈቺለት፣ ቅጠሉ ውሃ ማትነን ሲጀምር ካልሲየሙንም ከአፈሩ ራሱ ይስባል።