አዲስ ኮርሳ ወይስ ያገለገለ? ለጠበበ በጀት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮርሳ ብስክሌት መግዛት ፈልጋችሁ በጀት የጠበበባችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። ብስክሌት መፍታትና መግጠም ከጀመርኩ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል። አዲስም ገዝቻለሁ፣ ያገለገለም ገዝቻለሁ። የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በያዝኩት ገንዘብ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው አዲስ ኮርሳ ይገኛል። በዚያው ገንዘብ ደህና ደረጃ ያለው ያገለገለም አይቻለሁ። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። ብሎን ፈትተህ ትገጥማለህ? ካልሆነስ አብሮህ ሄዶ የሚያይልህ ብስክሌት አዋቂ አለ? ካለ ያገለገለውን ውሰድ። አዲስ ብስክሌት ከሱቅ እንደወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ያንን ኪሳራ የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎልሃል። በዚያው ገንዘብ የተሻለ ፍሬም፣ የተሻለ ማርሽ፣ ቀለል ያለ ቸርኬ ይደርስሃል።

የሚያይልህ ሰው ከሌለ ግን አዲሱን ግዛ። ዋስትና አለው። የፍሬም ዋስትና በአብዛኛው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያገለገለ ስትገዛ አብሮህ አይመጣም። ያገለገለ ርካሽ የሚሆነው የትኛው ዕቃው እንዳለቀ አውቀህ ስትገዛው ነው። ካላወቅህ ውድ ነው።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። በጣም ንጹሕ የሆነ 56 ቁጥር ፍሬም አገኘሁ። ሻጩ ኮርቻውን ዝቅ ስታደርጊው ይሆንሻል አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይሆንሽም፤ ተዪው። 56 ቁጥር በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከ75 በላይ ለሆነ ሰው ነው። ኮርቻ ዝቅ ይላል፣ እሺ። ከኮርቻው እስከ መሪው ያለውን ርዝመት ግን ማን ያሳጥርልሻል? መሪውን የሚይዘውን አንገት በአጭር ቀይረሽ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ታተርፊያለሽ። ከዚያ ካለፈ አነዳዱ ይበላሻል። አንቺ ከ49 እስከ 51 ቁጥር አካባቢ ፈልጊ፤ ግን ፋብሪካዎች ቁጥሩን የሚለኩበት መንገድ ስለሚለያይ ሳትቀመጪበት አትክፈይ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ ቀለሙ ማርኮኝ የሚበልጠኝን ፍሬም ገዛሁ። ወገቤንና አንገቴን እያመመኝ ጥቂት ወራት ነዳሁት፤ በኋላ ከገዛሁበት በታች ሸጥኩት። ልኩ ያልሆነ ብስክሌት አዲስም ሆነ አሮጌ፣ በነጻ ቢሰጥም ይቅር።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ለማየት ነገ ቀጠሮ አለኝ። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ በቀን ብርሃን እየው፤ ማታ መብራት ላይ አትግዛ። ከፍሬሙ ጀምር፤ ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ፍሬሙ ግን ብስክሌቱ ራሱ ነው። ከመሪው ሥር ወደ ታች የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ፣ በተለይ ከፊት ሹካው በስተጀርባ ያለውን ክፍል በጣትህ ዳስሰው። ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም ብረቱ እንደ ሞገድ የተጨማደደ ከሆነ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል። እዚያው ተሰናበት። ብየዳው አካባቢ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ካየህም እንደዚሁ።

ቀጥሎ የፊት ፍሬኑን ጨምቀህ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዘው። አንገቱ ላይ ቋ ቋ የሚል ከተሰማህ ወይ ልል ነው ወይ ኩሽኔታው ተበልቷል። ፔዳሉን የተሸከመውን ክንድ ይዘህ ወደ ጎን ግፋው፤ መነቃነቅ የለበትም። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አንስተህ አሽከርክር። ቸርኬው እየተወዛወዘ ፍሬኑን የሚነካ ከሆነ ሽቦዎቹ መስተካከል ይፈልጋሉ። ይህ ይስተካከላል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው።

ሰው የሚረሳውን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ኮርቻውን የያዘውን ዘንግ አስፈትተህ ከፍና ዝቅ አድርገው። ለዓመታት ግራሶ ካልነካው ፍሬሙ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። አሉሚኒየም ዘንግ የብረት ፍሬም ውስጥ ከተጣበቀ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አንዳንዴ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ሻጩ "አያስፈልግም፣ ልኩ ነው" ካለህ እዚያው እንዲፈታልህ ጠይቀው።

በመጨረሻ ንዳው። ሁሉንም ማርሽ ቀይር፣ ጠንከር አድርገህ ፍሬን ያዝ፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን እንደሚስብህ እይ።

ጥያቄ፦ ካቴናው ማለቁን በዓይን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በዓይን አታውቀውም፤ በማስመሪያ ነው። ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ፣ የጀመርክበትን ሳትቆጥር ወደፊት 24ኛው ፒን መሃል ድረስ ለካ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ከደረሰ መቀየሪያው ደርሷል ማለት ነው። 308 ከሆነ ደግሞ የኋላውን ጥርስም አብሮ በልቶታል፤ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገጥምበት እየዘለለ ያስቸግርሃል። ስለዚህ ሁለቱንም የመግዣ ሂሳብ ከዋጋው ላይ ቀንስ። አምስት ደቂቃ የማትሞላ ልኬት ናት፤ እባካችሁ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካርቦን ፍሬም በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። በጣም ቀላል ነው። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ከማታውቀው ሰው ከሆነ አትግዛ። ካርቦን መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። ችግሩ ጉዳቱን መደበቁ ነው። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ አሉሚኒየም ይሰረጉዳል፤ ታየዋለህ። ካርቦን ግን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሳንቲም መታ መታ እያደረጉ የሚያዳምጡ አሉ። ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት ሲደፈን አጠራጣሪ ቦታ ነው። ይረዳል፣ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ታሪኩን የምታውቀው ጓደኛህ ከሸጠልህ ሌላ ነገር ነው። ለጠበበ በጀት ደህና የአሉሚኒየም ፍሬም ከካርቦን ሹካ ጋር ይበቃል። ሹካውንም አስነቅለህ ላይኛውን ክፍል ማየት አትርሳ።

ጥያቄ፦ የማርሽ ስሞች ግራ ያጋቡኛል።

መልስ፦ ሺማኖ የሚባለውን የማርሽ ፋብሪካ ልንገርህ፤ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው። የኮርሳ ዕቃዎቹ ከታች ወደ ላይ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ዱራ-ኤስ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ክላሪስ ከኋላ ባለ 8፣ ሶራ ባለ 9፣ ቲያግራ ባለ 10 ማርሽ ነበሩ። ለጀማሪ ክላሪስ ምንም አይጎድለውም፤ መለዋወጫውም ርካሽ ነው። ያለቀ አልቴግራ ከምትገዛ ጤነኛ ሶራ ይሻልሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሺማኖ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2012 እስከ ሰኔ 2019 ያመረታቸውን ባለ 11 ማርሽ የአልቴግራና የዱራ-ኤስ ፔዳል ክንዶች ለምርመራ ጠርቷል። በሙጫ የተጣበቁት ሁለት ክፍሎች ሊላቀቁ ስለሚችሉ ነው። የዚያን ዘመን ብስክሌት ካገኘህ ክንዱ ተመርምሮ ወይም ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ዲስክ ፍሬን ወይስ ቸርኬ ላይ የሚይዘው?

መልስ፦ በዝናብ ዲስክ ይበልጣል። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በጎዳና ውድድር ዲስክን ሙሉ በሙሉ ከፈቀደ በኋላ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ስለዚህ ቸርኬ ላይ የሚይዘው ፍሬን ያለበት ጥሩ ኮርሳ እንደ "አሮጌ" እየታየ ይሸጣል። ለእኔና ለአንተ ይህ ዕድል ነው። ቀላል ነው፣ በራስህ እጅ ይጠገናል። ፍሬኑ የሚይዝበትን የቸርኬ ጎን ብቻ በጣትህ ዳስሰው። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው አልቋል፤ መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ በጣም ርካሽ አዲስ ኮርሳ አይቻለሁ። አዲስ ነውና አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። መሪው የታጠፈ ስለሆነ ብቻ ኮርሳ የሚመስል ከባድ ብስክሌት ነው። ማርሹ አይስተካከልም፣ ፍሬኑ ደካማ ነው። አዲስ እገዛለሁ ካልክ የታወቀ የማርሽ ስም ያለበትን ያዝ፤ ገንዘቡ ካልደረሰ ጥቂት ወር ጠብቅ።

ጥያቄ፦ አባቴ የድሮ የብረት ኮርሳ ሊሰጡኝ ነው። ጎማው ላይ 27 ይላል። ላድሰው?

መልስ፦ ፍሬሙ ካልዛገና ልክህ ከሆነ አድሰው፤ ብረት ይበየዳል፣ ይኖራል። የ27 ጎማ ቸርኬ 630 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛሬው 700ሲ የሚባለው የጎማ ልክ ደግሞ 622። ጎማቸው አይለዋወጥም። የ27 ጎማ በምትኖርበት አካባቢ መኖሩን አስቀድመህ አጣራ።

ጥያቄ፦ ገንዘቤን በሙሉ ብስክሌቱ ላይ ላውለው?

መልስ፦ አታውለው። ያገለገለ ከሆነ ከመቶ 20 እጁን ኪስህ አስቀር። ካቴና፣ ጎማ፣ የፍሬን ጎማ፣ ገመድ፤ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ በመጀመሪያው ወር ይጠይቁሃል። አዲስ ብትገዛም ሄልሜት፣ መንፊያ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና ጠንካራ ቁልፍ አብረው አይመጡም። ሄልሜት ግን ያገለገለ አትግዛ። አንዴ ከተመታ አረፋው ሥራውን ጨርሷል፤ መመታቱን ደግሞ ከላይ አታይም።

ጥያቄ፦ የተሰረቀ እንዳይሆን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ብስክሌቱን ገልብጠው። የፔዳሉ መዞሪያ ሥር ፍሬሙ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ይኖራል። ተፍቆ ከሆነ ሂድ። ካለ ቁጥሩን በፎቶ ያዝ፣ የግዢ ደረሰኝ ጠይቅ፣ ደረሰኝ ከጠፋም ከሻጩ ጋር ቁጥሩ ያለበት የሽያጭ ወረቀት ተፈራረሙ። እውነተኛ ባለቤት የት እንደገዛው፣ ምን እንደቀየረበት፣ ለምን እንደሚሸጠው ሳይቸገር ይነግርሃል።