የጤና መድህኑን መዋጮ ማን ይክፈል? ደብተሩስ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አትክልት እሸጣለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወሩ አብዛኛውን ቀን ቤት የለም። ጤና መድህን እንግባ ስለው «ሳንታመም ለምን እንከፍላለን?» ይለኛል። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 19 ዓመቷ ነው። ብቻዬን መመዝገብ እችላለሁ?

መልስ፦ ለብቻ አይቻልም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚመዘግበው ሙሉ ቤተሰብን ነው። ከየቤቱ የታመመው ብቻ እየተመረጠ ቢገባ የተሰበሰበው መዋጮ ለሕክምናው አይበቃማ። የባለቤትዎን መታወቂያ ቅጂና ፎቶግራፍ ቤት በሚሆኑበት ቀን ተቀብለው ያስቀምጡ። ከዚያ የራስዎንና የልጆቹን ጨምረው ቀበሌ ይሂዱና እርስዎ አስመዝግበው መክፈል ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ትልቋን ልጅዎን በግልጽ ያንሱ፤ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ካልተከፈለለት በቤተሰቡ የመድህን አባልነት ደብተር አይታከምም።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፦ አዲስ አባል እንደከፈለ ወዲያው መታከም አይጀምርም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወር ገደማ ይጠብቃል። ልጅ ካተኮሰው በኋላ የሚከፈል መዋጮ ለዚያ ትኩሳት አይደርስም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ በትንኝ የሚተላለፈው የትኩሳት በሽታ ቺኩንጉንያ ሲነሳ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ባንዴ ይተኛ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ የሁሉም የካርድ፣ የምርመራና የመድኃኒት ወጪ በአንድ ሳምንት ይደራረባል።

ብዙ ሴቶችን የሚያስቀራቸው ግን የባል እምቢታ ብቻ አይመስለንም። ገቢያቸው በየቀኑ ሳንቲም በሳንቲም ይመጣል፤ መዋጮው በዓመት አንዴ፣ በተወሰነው ጊዜ ይጠየቃል። መጠኑን የሚወስነው አስተዳደሩ ስለሆነ የዘንድሮውን ከቀበሌ ይጠይቁ። ለምሳሌ 1,500 ብር ቢሆን በሳምንት 30 ብር ለ50 ሳምንት ማስቀመጥ ይበቃል። በአፎቻ (በእድር) ወይም በዕቁብ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ገንዘብ መያዝ ይቻላል፤ የዕቁቡ ዕጣ ግን ክፍያው ካለፈ በኋላ ከወጣ አይጠቅምዎትም፣ ስለዚህ ተራዎን ቀድመው ይነጋገሩ።

ደብተሩም ቤት ይቀመጥ። በባልየው ስም ስለሆነ ከእሳቸው ጋር መኪና ውስጥ ይቀርና ልጅ በሌሊት ሲታመም እናቲቱ ከኪሷ ትከፍላለች። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ገንዘቡ ተከፍሏል እኮ!

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምኖረው፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ወሊድ ነፃ ከሆነ መድህኑ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ እውነት ነው፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ዕቅድና የሕፃናት ክትባት አባል ላልሆነችም በነፃ ነው። መድህኑ የሚያስፈልገው ለተረፈው ነው፤ ለታይፎይድ፣ ለኩላሊት ኢንፌክሽን፣ ለልጅ ሳንባ ምች፣ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና፣ ለአልጋ። ሲወልዱም ሕፃኑን ቶሎ ደብተሩ ላይ ያስጽፉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ የሚኬደው የተመዘገቡበት ጤና ጣቢያ ነው። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ጁገል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው ወደ እርስዎ ይዞራል። መድኃኒት «አልቋል» ከተባሉም ወደ ውጭ ፋርማሲ ከመሮጥዎ በፊት ማዘዣውን ይዘው እዚያው የመድህን ክፍሉን ያነጋግሩ፤ ከገዙ በኋላ ደረሰኝ ብቻ ይዞ መምጣት ብዙ ጊዜ ገንዘብ አያስመልስም። በዚህ መድኃኒት ጉዳይ ተማርረው በዓመቱ ሳያድሱ የሚቀሩ አባላት አሉ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ተፋትቻለሁ፤ ደብተሩ እሱ ጋ ቀረ። የቀን ሥራ ነው የምሠራው፣ መክፈልም አልችልም።

መልስ፦ የፍቺ ወረቀትዎንና የቀበሌ መታወቂያዎን ይዘው በእማወራነት ከልጆችዎ ጋር አዲስ መዝገብ ያስከፍቱ። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ስም ዝርዝሩ ግን የሚወጣው ቀበሌ ላይ በነዋሪው ምርጫ ነው። የምዝገባው ሰሞን እስኪመጣ አይጠብቁ፤ መክፈል የማይችሉትን የመለየቱ ሥራ መቼ እንደሚካሄድ አሁኑኑ ጠይቀው ስምዎን ያስይዙ። ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነም የአሁኑ ቀበሌዎ ነዋሪ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ቀድመው ያውጡ፤ ብዙ ተከራይ ሴቶች ከዝርዝሩ የሚቀሩት ይህች ወረቀት ስለሌላቸው ነው።